ጥርስም ድሮ፣ እንቅልፍም ድሮ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ዘንድሮ ደግሞ ጥርስና እንቅልፍ ተጋብተዋል አሉን። እናንት የዕድሜ እኩዮቼ፣ እናንት ከወንበር ስትነሱ «እመብርሃን!» የምትሉ ሁሉ፣ ለዚህ ሠርግ የጠራችሁ አለ? እኔን ማንም አልጠራኝም። በእኛ ጊዜ ጥርስ ጥርስ ነበር፤ እንቅልፍም እንቅልፍ። አንዱ ቀን ይሠራል፣ ሌላው ማታ ያሳርፋል፤ መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ ሰላምታ አይለዋወጡም ነበር። ጥርሱን ያመመው ወደ ወጌሻ ይሄዳል፣ እንቅልፍ የነሣው ወደ ጠበል። የየራሳቸው ደጅ፣ የየራሳቸው መድኃኒት ነበራቸው።

አሁንማ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ትሄዱና፣ ወንበሩ ላይ ተጋድማችሁ፣ መብራቱ ዓይናችሁን እየወጋ አፋችሁን ስትከፍቱ፣ አንዲት ልጅ እግር ሐኪም ከጭንብሏ ሥር «አባባ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ትላችኋለች። እኔ መንጋጋዬን ይዤ መጣሁ እንጂ አልጋዬን ተሸክሜ መጣሁ? እንዳልመልስ ደግሞ አፌ ውስጥ መስተዋት አለ፣ ጥጥ አለ፣ ምራቅ የሚመጥ ቱቦ አለ። «እህ» አልኳት። የእኔ «እህ» «ምን አገባሽ» ማለት ነበር። እሷ ግን «በደንብ አይተኙም ማለት ነው» ብላ ጻፈች።

ከዚያማ ትምህርቱ ተጀመረ። እኔ ምራቄን ከዋጥሁ ስንት ዘመኔ፣ ልጅቷ ስለ ምራቅ ታስተምረኛለች! ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል አለች። ምራቅ ምግብ ጠርጎ ይወስዳል፣ አሲድ ያበርዳል፣ ጥርስ የከሰረውን ካልሲየምና ፎስፌት ይመልሳል። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ግን ምንጩ ሊደርቅ ጥቂት ነው የሚቀረው። ያን ጊዜ አፍ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ደስታቸው ነው። ማታ የተረፈላቸውን ጣፋጭ ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአፍ ፒኤች ከ5.5 ገደማ ዝቅ ሲል ደግሞ የጥርስ ጠንካራ ልባስ መሟሟት ይጀምራል፤ ያ ልባስ አንዴ ካለቀ ተመልሶ አይበቅልም። የጧቱ የአፍ ጠረንም ከዚያው ነው፤ ተሕዋስያኑ ሲበሉ አድረው የሚተዉት ድኝ ያለበት ጋዝ። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰውማ የቀረችውንም እርጥበት በትንፋሹ ያደርቃታል። «ስለዚህ አባባ፣ ዋናው ከመተኛትዎ በፊት ያለው ብሩሽ ነው።»

ማታ! ማታ ሰው ይጸልያል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይተኛል። ጥርስ የሚፋቀው ጧት ነው፤ ያውም የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ይዞ፣ በአጥር ላይ ከጎረቤት ጋር እያወጉ፣ በየመካከሉ እንትፍ እያሉ። መፋቂያ ሳሙና አይፈልግ፣ ባትሪ አይፈልግ። የልጅ ልጄ ብሩሽ ግን በኤሌክትሪክ ይጮኻል፤ ኃይል ካልተሞላ አይሠራም፤ መብራት የጠፋ ዕለት ልጁ አፉ ሳይታጠብ ያድራል። እኛ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረብንም። አያቴ በሰማንያ ዓመታቸው ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። የፊቶቹን አራቱን ካልቆጠርናቸው። መንጋጎቹም በእርግጥ ቀደም ብለው ሄደዋል። የቀሩት ግን እንዴት ያሉ ጥርሶች ነበሩ! በእነሱ ቆሎ ባይቆረጠምም አይቶ መደሰት ይቻል ነበር።

ድድም ቢሆን ድሮ እንዲህ አይደማም። ሐኪሟ ድዴን በቀጭን መርፌ ነካ ነካ እያደረገች «ይደማል፣ ይኼም ይደማል» ስትል ዋለች። እንቅልፍ ሲጎድል ሰውነት ቁጣውን መቆጣጠር ይከብደዋል፣ ያበጠ ድድም ቶሎ አይበርድም አለች። እንቅልፋቸው የተቆራረጠ ሰዎች ላይ የድድ ሕመም በብዛት መታየቱን ብዙ ጥናቶች አግኝተዋል፤ የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ግን ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። ምን ያከራክራቸዋል? እናቴን ቢጠይቋት ትነግራቸው ነበር። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ድዷ ንቅሳት ነበር፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ የሚያጠላበት፣ ስትስቅ ጥርሷን የሚያበራው። በዚያ ዘመን መንደሩ ውስጥ የቀላ ድድ ያለባት አንዲት ሴት አላየሁም።

እንቅልፉስ? ወይ እንቅልፍ! መደብ ላይ ጀንዲ ይነጠፋል፣ ቡልኮ ይለበሳል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ኩራዙ እፍ ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ዶሮ እስኪጮኽ ድረስ ማንም አይነቃም። ቁንጫው ሲነክስ ከመንቃት በቀር። ጥጃው ሲጮኽም አንዳንዴ እንነሣለን። ጅቡ በረቱን ሲዞር አባቴ ይወጣል፣ እኛም ፈርተን እንቀመጣለን። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ጭሱ ያስላል፣ ጣሪያው በክረምት ያፈሳል። ከዚህ ውጭ ግን እንዴት ያለ ድርቅ ያለ እንቅልፍ ነበር መሰላችሁ!

የዛሬ ልጅ ለእንቅልፉ ውጤት ይሰጠዋል። የልጅ ልጄ እጁ ላይ የምታበራ ሰዓት አስሮ ይተኛና ጧት «ከመቶ 71 አመጣሁ» ይላል። እኔ በትምህርት ቤት 71 አምጥቼ ተገርፌአለሁ። ልጁ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነው 71 ያመጣው። ቆይቶ ደግሞ ከዚያው ከስልኩ የተማረውን ይዞ መጣ፦ አፍ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መተኛት! በአፍንጫ መተንፈስ ይሻላል፣ አፍም አይደርቅም፣ ጥርስም አይበላሽም አለኝ። ገብቼ ሳየው አፉ ታሽጎ ተኝቷል። ሌቦች የገቡ መስሎኝ ጎረቤት ጠራሁ። ሐኪሟን ስጠይቃት በአፍንጫ መተንፈሱ እውነትም ይሻላል፤ ግን አፍንጫው የተዘጋ ሰው ወይም ሌሊት ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው አፉን ቢያሽግ አደጋ ነው፤ መጀመሪያ አፉ ለምን እንደሚከፈት ይታወቅ አለች። በእኛ ጊዜ የልጅን አፍ የሚዘጋው አባት ነበር፤ በዓይን ብቻ።

ወደ ጥርስ ማፋጨት ልምጣ። ይኼው ልጅ ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል፤ ሳሎን ድረስ ይሰማል። ድሮ ልጅ ጥርሱን ካፋጨ ወስፋት አለበት ተብሎ ኮሶ ይጠጣል፤ ኮሶው ሦስት ቀን ሲያዞረው ከርሞ ስለ ማፋጨት የሚያስብበት አቅም አይኖረውም፤ ዳነ ማለት ነው። ሐኪሟ ግን ወስፋት ስላት ፈገግ አለች። ማፋጨት የሚበዛው እንቅልፍ ለጥቂት ሰኮንድ ተሰብሮ ሰውየው ሳያውቀው ብቅ ብሎ ሲመለስ ነው፤ ጭንቀት ያብሰዋል፣ ማታ የተጠጣ ቡናና መጠጥ ያብሰዋል፣ ሲጋራም፣ አንዳንድ የድብርት ክኒኖችም። ጧት መንጋጋ ይደክማል፣ ጆሮ ግንድ አካባቢ ያማል፣ ጥርስ እያጠረና እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ለምን ይጨነቃል ታዲያ? እኛ ስንቱን ነገር ጥርሳችንን ነክሰን ነው ያለፍነው! ቀን ለቀን እንነክስ ነበር፤ ለሌሊት የሚተርፍ አልነበረንም።

ልጄም ተመሳሳይ ችግር አለባት፤ ያቺ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው። ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች፣ ፀሐይዋ ከእንቅልፏ ጋር ትሟገታለች። እንቅልፍ እንዳይጥላት ሌሊቱን ለስላሳ መጠጥ ትጠጣለች፤ ስትተኛ ደግሞ ታፋጫለች። አፏ ውስጥ የምታጠልቀው የፕላስቲክ መከላከያ ተሠራላት። ማፋጨቱን አያስቀረውም፣ ጥርሱ እንዳይፋቅ ብቻ ያደርጋል አለችኝ። ዋጋውን በብር ስትነግረኝ እኔም ማፋጨት ጀመርኩ። «ኢንሹራንስሽስ?» አልኳት። እዚያ አገር ለካ የሕክምና ኢንሹራንስ ሌላ ነው፣ የጥርስ ሌላ! ጥርስ ከሰውነት ተለይቶ ይመደባል። ልብ አድርጉልኝ፦ ለሒሳብ ሲሆን ጥርስ የሰው አካል አይደለም፤ ለምክር ሲሆን ግን ከእንቅልፍ፣ ከልብ፣ ከስኳር በሽታ ጋር ሁሉ ዘመድ ነው።

የሰፈራችን ወጣቶችማ ሌላ ጣጣ አላቸው። ድሮ ጫት ዱዓ የሚያደርጉ አባቶች ነገር ነበር። አሁን ከቀትር ጀምሮ ጉንጭ ይወጠራል፤ ቅጠሉ መራራ ነው ተብሎ ከስኳር፣ ከለውዝ፣ ከኮካ ጋር ይቃማል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚሉት ነገር እንቅልፍ ያባርራል፤ አፍም ያደርቃል። ደረቅ አፍ፣ ስኳር፣ ያልተኛ ሰው፤ ሦስቱ አንድ ጉንጭ ውስጥ ተሰብስበው ያመሻሉ። ምርቃናው አልወርድ ሲል ደግሞ ጨብሲ ይባልና መጠጥ ይጨመርበታል። ከዚያ ጥርስ ሳይታጠብ እንደ ወደቁ ማደር ነው። ተናግሬአቸው ነበር። «ጋሼ፣ ይጫወቱ» አሉኝና ለውዝ ዘገኑልኝ። ለውዙ አይከፋም ነበር።

አሁን ስለ ሌሊት ጥርስ ሕመም ላውራ፤ እዚህ ላይ እኔ ሊቅ ነኝ። ጥርስ ቀን ያመው የነበረውን ሰው ሌሊት ለምን ያንገበግበዋል? ሲጋደሙ ደም ወደ ራስ ይበረታል፤ ያበጠው ጥርስ ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል። ቀን በሥራና በወሬ የሚረሳው ሕመምም ሌሊት ሌላ የሚያዋራው ሰው አያገኝም። ሐኪሟ የጨመረችልኝ ደግሞ ይኼን ነው፦ ያልተኛ ሰው ሕመም ይብስበታል፤ ሕመም የባሰበት ሰው አይተኛም። በቃ፣ ሁለቱ ተያይዘው ይዞራሉ፤ መሃል ላይ ያለው የእኔ መንጋጋ ነው።

ድሮ እንዲህ ያለ መዞር አልነበረም። ጥርስ ሲያምህ ቅርንፉድ ትወትፍበታለህ፤ ካልሆነ አረቄ ትጉመጠመጣለህ፤ መቼም አረቄ ይተፋል አይባልም፣ ትውጠዋለህ። ቤተ ሰቡ በሙሉ ተነሥቶ ይከብሃል፣ እሳት ይጫራል፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይወቅጣል፣ አንዱ ፌጦ ያመጣል። አባቴን አስታውሳለሁ፣ አንዴ ሳምንት ሙሉ ጉንጩን ይዞ ጎጆውን ሲዞር እያነጋ፣ እኛም አብረነው ስንዞር። እንዴት ያለ ፍቅር ነበር! በመጨረሻ ወጌሻው መጣ። ጉጠት ይዟል፣ ማደንዘዣ የለ፣ ሁለት ጎረምሶች ትከሻውን ያዙለት። አንድ ጩኸት ብቻ! የተነቀለው ጥርስ ጤነኛው እንደ ነበር የታወቀው በነጋታው ነው፤ ወጌሻው ግን ደግ ሰው ስለነበር የታመመውን ሲነቅል ዋጋ አልጨመረም። ዛሬ አደንዝዘው፣ ራጅ አንሥተው፣ ትክክለኛውን ጥርስ አውጥተው ገንዘብ ይቀበላሉ። ያችው ሐኪም የእኔን ጉድጓድ ለጊዜው የደፈነችበትን ነገር ሳሸተው ምን ቢሸት ጥሩ ነው? ቅርንፉድ! ዘይቱን ዛሬም ይጠቀሙበታል። የእኛን ቅመም ወስደው ነጭ ጋውን አልብሰው ይሸጡልናል።

ማንኮራፋትም ዛሬ በሽታ ሆኗል፤ እንቅልፍ ላይ ምላስና ላንቃ ወደ ኋላ ይወድቁና መተንፈሻውን ይዘጉታል አሉ፤ ትንፋሽ ይቆማል፣ ሰውየው እያቃሰተ ይመለሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ያድራል። ደም ግፊት ይጨምራል፣ ቀን ያንቀላፋል። እኔ ዕድር ስብሰባ ላይ ባንቀላፋ ጥፋቱ የሊቀ መንበሩ ንግግር ነው፤ ታክሲ ውስጥ ባንቀላፋ የወያላው ዘፈን ነው፤ ቅዳሴ ላይ ግን የተመስጦ ነው። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ቦታ የሚተኛ ሰው እንቅልፍ የለውም ይባላል? እንጥሌም ቢሆን በልጅነቴ በአካባቢው አዋቂ ተቆርጧል፤ ጉሮሮዬ ሰፊ አውራ ጎዳና ነው። ዛሬ ያን ጎጂ ልማድ ይሉታል፤ እውነት ነው አንዳንዱ ልጅ ደም ፈስሶት፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሞቷል። የተረፍነው ግን ተርፈናል።

መድኃኒቱን ስሙት እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1981 ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም፣ በአፍንጫ ጭንብል አየር እየነፋ ጉሮሮ ክፍት የሚያደርግ ማሽን ሲድኒ ላይ ሠራ። ሲጀምር የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ሞተር ነው አሉ የተጠቀመው። እኔ እንግዲህ በስተርጅና በመጥረጊያ ልተንፍስ! ማሽኑ ብዙ ሰው አድኗል፤ ግን አፉን ከፍቶ የሚተኛውን አፉን ጭው አድርጎ ያደርቅበታል፤ ያው ዞሮ ዞሮ ወደ ምራቁ መጣን። ሌላው ነገር የጥርስ ሐኪሞቹ የሚሠሩት ነው፤ ሌሊት አፍ ውስጥ ገብቶ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ገፋ አድርጎ የሚይዝ። መንጋጋው ሲወጣ ምላሱም ይከተለዋል፣ መንገዱ ይከፈታል። ደስ ብሎኝ «ሥሪልኝ» አልኳት። አፌን አይታ ራሷን ነቀነቀች። የሚይዝበት በቂ ጥርስ ያስፈልገዋል አለች። ጎበዝ፣ ሰው ለመተኛት ጥርስ የሚያስፈልገው ዘመን ደረስን!

አንድ ነገር ብቻ ልቤን ደስ አሰኘው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሚነፉትን ዲጄሪዱ የተባለ ረጅም የእንጨት ቱቦ ለአራት ወር ያህል የተለማመዱ ሕመምተኞች ትንፋሽ መቆራረጡ እንደ ቀነሰላቸው፣ ቀን ማንቀላፋታቸውም እንደ ቀለለ አገኘ። የጉሮሮ ጡንቻ ይጠነክራል ማለት ነው። እኔም ጮኽኩ፦ እምቢልታ! እኛ እምቢልታ ነበረን፣ መለከት ነበረን፣ ዋሽንት ነበረን። እነሱን ጥለን ጊታር ስላነሣን ነው አገሩ የሚያንኮራፋው። አባቴ በአገሩ የታወቀ እምቢልታ ነፊ ነበር። ሲተኛ ደግሞ ማንኮራፋቱ ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ ጅብ እንኳ የእኛን በረት ትቶ ወደ ጎረቤት ይሄድ ነበር። ጎረቤቶቻችን ይኼን ቅሬታ አድርገው አንሥተው አያውቁም፤ አንድ ጊዜ ዳኛ ፊት ካቀረቡት በቀር።

ሰው ሠራሹ ጥርሴም መነጋገሪያ ሆኗል። ማታ አውልቀው ያጽዱት፣ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፣ ድድዎ ይተንፍስ አለች ሐኪሟ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ጥናት 85 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን 524 ሰዎች ተከታትሎ፣ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ አደጋቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል። ጥርሱ ላይ የተጋገረው ተሕዋስያን ሌሊት ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ ይሾልካል። ገባኝ። ግን እስኪ ንገሩኝ፣ በውድቅት ሌሊት ሌባ ቢገባ ድዴን ገጥጬ «ሌባ!» ብል የምሰማ ይመስላችኋል? «ኤፋ» ነው የሚመስለው። ኤፋ ቢባል ማን ይወጣል?

ከዚያ ቡናውን ያዘች። ከቀትር በኋላ አይጠጡ፤ ካፌይን ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ይቀራል አለች። ለማን ነው የምትነግረው? እኔን የሚያስተኛኝ እኮ ቡና ነው! አቦሉን በ12 ሰዓት፣ ቶናውን ከዜናው ጋር፣ በረካውን ከጸሎት በፊት ጠጥቼ ነው ጋደም የምለው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ ማለቱ የዕድሜ ጸጋ ነው፤ ቡና ምን አደረገ? ስኳሩንም ነካች። እናቴ ቡና በጨው ነበር የምታጠጣን፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ነው ጥርሳችን መሸርሸር የጀመረው ብዬ ሁልጊዜ እናገራለሁ። እኔ በሦስት ማንኪያ የምጠጣው ምሬት ሆዴን ስለሚያመኝ ነው፤ ሌላ ነው።

ይልቅስ ልጆቹን ትምከር። የልጅ ልጄ ታላቅ እህት ሕፃኗን ጡጦ አጉርሳ ነው የምታስተኛት፤ ወተቱ ሌሊቱን ሙሉ ጥርሶቿ ላይ ያድራል፤ የፊቶቹ ከአሁኑ ጠቆር ብለዋል። ጮኽኩባቸው። ጣፋጭ አፍ ውስጥ ይዞ መተኛት ነውር ነው አልኳቸው። እኔ ትራሴ ሥር ከረሜላ የማኖረው የደም ግፊት ክኒኑ አፌን ስለሚያደርቀው ነው፤ ሌሊት ስነቃ አንዷን ጉንጬ ሥር ወተፍ አድርጌ፣ ሟሙታ ሳታልቅ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሐኪሟ ይኼን ስትሰማ መስተዋቷን አስቀመጠች። ውኃ ጎንጨት ይበሉ፣ ስኳር የሌለበት ማስቲካ አለ፣ ክኒኑንም ከጻፈልዎት ሐኪም ጋር ተነጋግረን እናያለን አለች። ማስቲካ! በዚህ ጥርሴ? በዚህ ዕድሜዬ? አውቶቡስ ተራ የቆምኩ ጎረምሳ ነኝ?

ስልኩንም ከመኝታ በፊት ይተዉ አለችኝ፤ እዚያ ላይ ተስማማን፤ የትውልድ ጥፋት ነው። እኔ ሌሊት የምከፍተው ይኼ ትውልድ የት እንደ ደረሰ ለመታዘብ ነው። ብዙ ነው የምታዘበው።

በመጨረሻ «ሲያንኮራፉ የሰማዎት ሰው አለ?» አለች። «የለም» አልኩ። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ የነበረችው ባለቤቴ፣ ያቺ ስንት ዘመን አንድ ትራስ የተጋራኋት ሴት፣ ነጠላዋን አስተካክላ ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። ቀርጻኛለች! ሐኪሟ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰዓቷን እያየች ሰማች። ድምፁ ሲቆም ጣቷን አነሣች፤ 10 ሰኮንድና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ሲቋረጥ ነው የሚቆጠረው አለች። ቆጠረች። ደጋግማ ቆጠረች። ወደ እንቅልፍ ምርመራ የሚልክ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ ደረትና ጣት ላይ ገመድ አስረው ያሳድሩኛል።

ቅጂው በዚያው ቢቀር ምን ነበረበት። ባለቤቴ ለቤተ ሰቡ ቴሌግራም ልካዋለች። የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጄ «አባዬ ታፍኖ ሊሞት ነው» ብላ አለቀሰች፤ የልጅ ልጄ የስልኩ መጥሪያ አደረገው፤ አሁን ጓደኞቹ በደወሉ ቁጥር ታክሲ ውስጥ የማንኮራፋው እኔ ነኝ። ቅር ያለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የአባቴን የሰማ ሰው ይኼን ማንኮራፋት አይለውም፤ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ ቀጭኑ ብቻ ነው የተቀዳው። የዛሬ ስልክ ምን ድምፅ ይይዛል፤ የድሮው ቴፕ ቢሆን ኖሮ አጥርቶ ይቀዳኝ ነበር።